የማማው መንገድ

በዘጠኝ ዓመቴ አባቴ ከቤታችን ቀስ በቀስ እየወጣ ሳለ፣ እኔ አጋዘን እያደነ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ ብዬ ስጀምር የሚያውቁኝ ሰዎች ከወዲሁ ይስቃሉ። እኔ ስናገር ግማሹን ቀንሰው መስማት ለምደዋል፤ አይፈረድባቸውም። ያኔ ዘጠነኛ ፎቅ ትኖር የነበረችውን ጓደኛዬን ሆሣዕናን፣ አባቴ አጋዘኖቹ የተኙበት ድረስ ሹልክ ብሎ ገብቶ፣ ብርድ ልብሳቸውን አስተካክሎ፣ አንዳቸውም ሳይነቁ እንደሚመለስ ነግሬ አሳምኛታለሁ። አንዲት አጋዘን ደግሞ ዱካውን እያሸተተች በኪፕሊንግ አውቶቡስ ወደ ሰፈራችን ሬክስዴል ስትመጣ፣ ሹፌሩ የመቀየሪያ ቲኬት ቢጠይቃት አፍራ መንገድ ላይ እንደወረደች ነግሬያታለሁ። ይሄኛው ታሪክ ግን እንደዚያ አይደለም። እዚህ ውስጥ የጨመርኩት ነገር ካለ የበርበሬው መጠን ብቻ ነው።

የምንኖረው ቶሮንቶ ከተማ ሬክስዴል ሰፈር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ ዘርይሁን ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ መጋዘን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ ይነዳል። እናቴ ጸሐይወርቅ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ሺፍታቸው ስለማይገጥም ሁለቱን በአንድ ክፍል ውስጥ የማያቸው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነበር። አባቴን አደን ያስጀመሩት አብረውት የሚሠሩ አንድ ፖርቱጋላዊ ሽማግሌ ናቸው። ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስነዳ ቦታ እርሻ አላቸው፤ አጋዘኖች በቆሎውን ቢጨርሱባቸው «ና ቀንስልኝ» አሉት። እሱም ኮርሱን ወሰደ፣ ፈተናውን አለፈ፣ ፈቃዱን አወጣ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ትንንሽ መዘውር ያለው ቀስት ገዛ፣ ከእርሻው ዳር ካለ ትልቅ ዛፍ ላይ መሰላልና የብረት መቀመጫ አሰረ። እኛ ቤት ስሙ ማማ ተባለ። እኔ ማማውን አላየሁትም፤ ስለዚህ በልቤ እንደፈለግኩ ሠራሁት።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ከላይብረሪ ያሳተመውን የእርሻውን የሳተላይት ፎቶ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። እናቴ ዕቃ ታጥባለች።

«ቤዚ፣ ነይ እስኪ። መኪናው እዚህ ነው የሚቆመው። ማማው ይሄ ነው። አንቺ ብትሆኚ በየት ትገቢያለሽ?»

ጣቴን ከመኪናው አንሥቼ በበቆሎው መካከል ቀጥ አድርጌ ወሰድኩና ማማው ላይ አሳረፍኩት።

«ጥሩ። በእግር አሥር ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃ ሄደሽ ማማው ላይ ትወጫለሽ፣ እስኪመሽ ትቀመጫለሽ፣ አንድም አጋዘን አታዪም። ለምን?»

«ስለሚፈሩኝ።»

«ገና ሳትወጪ ስላወቁሽ።» እርሳሱን አነሣ። «ይሄ ጥድ የበዛበት መኝታ ቤታቸው ነው። በቆሎው ምግብ ቤታቸው። ይቺ ክር የምታክል መንገድ ደግሞ ኮሪደራቸው ናት። አንቺ ኮሪደራቸውን አቋርጠሽ፣ ምግብ ቤታቸውን ረግጠሽ፣ ጠረንሽን ሣሩ ላይ ቀብተሽ ስታበቂ መጥተው ራት እንዲበሉ ትጠብቂያለሽ?»

«አልጠብቅም።»

«ስለዚህ መኪናውን ድልድዩ ጋ እናቆማለን። ወደ ወንዙ እንወርዳለን። ውሃው ውስጥ ውስጡን።» እርሳሱ በፎቶው ላይ እንደ እባብ ተጥመዘመዘ። «ውሃ ዱካ አይዝም። የእግርሽን ድምፅ ያፍነዋል። ዳርቻው ከፍ ስላለ ከሜዳው ማንም አያይሽም። ነፋሱ ከጥዱ ወደ እኛ ሲመጣ ብቻ ነው የምንገባው፤ ያኔ ጠረናችን ወደ አስፋልቱ ይሄዳል እንጂ እነሱ ጋ አይደርስም። በዚህ ዞረን ከማማው ጀርባ እንወጣለን። የመጨረሻዋን ሠላሳ እርምጃ ቅጠሏን ጠርጌያታለሁ፣ እንዳይንኮሻኮሽ። አርባ አምስት ደቂቃ።»

«አባዬ፣ በጣም ሩቅ ነው።»

«ሩቅ ነው። ደግሞ መግባቱ ቀላሉ ነው። ሰው የሚሳሳተው ሲወጣ ነው። ጨረስኩ ብሎ እየተንጋጋ ይወርዳል፣ አጋዘኖቹ ያዩታል፣ ከዚያ በኋላ ያ ቦታ ሞተ ማለት ነው፤ ተመልሰው አያምኑትም። የምትወጪበትን መንገድ ሳታውቂ መግባት የለብሽም።»

«ለአጋዘን» አለች እናቴ ፊቷን ሳታዞር። «እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው።»

ያመሰገነችው መስሎኝ ሳቅኩ። አባቴ ፎቶውን አጠፈ።

ቤታችን ውስጥ የአደን ሕግ ነበር። አባቴ ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠባል። የአደን ልብሱ በረንዳ ላይ፣ የጥድ ቅጠል በተነሰነሰበት ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ነፋሱን የሚያውቅበት የሕፃን ፓውደር ጠርሙስ ነበረው፤ ፓውደሩን ደፍቶ የጤፍ ዱቄት ሞልቶበታል፤ ጨመቅ ሲያደርገው ዱቄቱ ብን ብሎ ነፋሱ ወደሚሄድበት ይሄዳል። «ጤፉም ለነፋስ ሆነ» ትለው ነበር እናቴ። የሕጉ ሁሉ ዋናው ግን አባቴ ሶፋ ላይ መተኛቱ ነበር።

«ለምንድነው አልጋህ ላይ የማትተኛው?» ብዬ ጠይቄዋለሁ።

ትንሽ አሰብ አድርጎ «የእማዬ ጠረን ልብሴ ላይ ይጣበቃል» አለኝ። «ወጡ፣ በርበሬው፣ ሽቶዋ። አጋዘን ይሄን ሁሉ ያሸታል።»

እኔም አመንኩ፤ እንዲያውም ለሆሣዕና ትልቅ አድርጌ ነገርኳት። የቀስት አደን የሚጀመረው ቅጠሉ ከቀላ በኋላ ነው። አባቴ ወደ ሶፋው የወረደው ግን ትምህርት ቤት ሳይዘጋ፣ በግንቦት ነበር። ይህን አስቤ ያገኘሁት ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረው ነው፣ ያውም ቀይ መብራት ላይ ቆሜ።

ዕቃም ይወጣ ነበር። በየሳምንቱ አንዳንድ። መጀመሪያ ግራጫው ብርድ ልብስ፣ ከዚያ አሮጌው ሬዲዮ፣ ከዚያ ካርቶኑ ያልተከፈተ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ፣ ከዚያ ኮሪደር ላይ የተሰቀለው የአያቴ ፎቶ። እኔ አልተጠራጠርኩም። ማማውን እያሰናዳው ነበር፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤት ሥዕሉን ሣልኩት፦ ዛፍ ላይ የተሠራ ቤት፣ ሬዲዮ ሲዘፍን፣ ማንቆርቆሪያው ሲጨስ፣ አያቴ ከፎቶው ውስጥ ሆነው አጋዘን ሲጠብቁ። መምህሯ ሥሩ ላይ ኮከብ ለጠፈችልኝ።

እናቴ እያንዳንዱ ዕቃ ሲወጣ አይታ ነበር። የፎቶው ምስማር ላይ የቀን መቁጠሪያ የሰቀለችው እሷ ናት። እኔ የማደንቀው አባቴን ብቻ ነበር፣ ቅጠል ሳያንኮሻኩሽ ይራመዳል ብዬ፤ ቤቱ ውስጥ ግን ሁለት ሰዎች ነበሩ እንደዚያ የሚራመዱት።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጋሽ ገብረእግዚአብሔር መጡ። ወላጆቼን ያጋቡ ሰው ናቸው፤ ቤታችን የሚመጡት ለዓመት በዓል ነው፣ ያን ቀን ግን በዓል አልነበረም። አንድ ፌስታል ብርቱካን ሰጡኝ። እናቴ «ሆምወርክሽን ሥሪ» ብላ ወደ ክፍሌ ላከችኝ፤ እኔም ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ሆምወርኬን ሠራሁ።

«ልጅቷ ሳትረበሽ ነው የምንለው» ይላል አባቴ። «ድምፅ ሳይሰማ፣ ቀስ በቀስ ከሆነ…»

«እናንተ ያላችሁትን ያህል ዝም ያለ ቤት አላየሁም» አሉ ጋሽ ገብረእግዚአብሔር። «ዝምታም እኮ ይረብሻል ዘርይሁን።»

እናቴ የሆነ ነገር አለች፣ አልተሰማኝም።

«እንግዲህ እስከ ቅበላ ታገሡ» አሉ እሳቸው። «እስከ ቅበላ ነገሩ ካልተስተካከለ እኔም አልከለክልም። ከዚያ ወዲያ ግን እንዲህ ሆናችሁ አንድ ጣራ ሥር መጾም ልክ አይደለም።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የገና ጾም ኅዳር አጋማሽ ላይ ይገባል፤ የቅበላ ዕለት ሥጋ ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ሥጋ የለም። ስለዚህ አጋዘኗ ከቅበላ በፊት መገኘት አለባት። ከተገኘች ሁሉም ነገር ይስተካከላል፣ ሶፋውም ይቀራል። «ልጅቷ ሳትረበሽ» ያለው ደግሞ ጠዋት ወደ አደን ሲወጣ እንዳይቀሰቅሰኝ ነው። በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

«ጋሽ ገብረእግዚአብሔር፣ አጋዘን በፍላጻ ከሞተች ትበላለች?»

ሦስቱም አዩኝ። አባቴ ከውሃ የወጣ ሰው ይመስል አየር ሳበ።

«ሳትባረክ ከሞተችማ በክት ናት» አሉ ጋሽ ገብረእግዚአብሔር ቀስ ብለው።

«ታዲያ አባዬ ምን ያድርግ?»

«እኔ ቄስ አይደለሁም ልጄ። ግን ፍላጻውን ሲለቅ ስመ ሥላሴን ይጥራ። ደርሶ ነፍስ ካገኘባት በቢላው ይባርካት።»

«ከቅበላ በፊት ከሆነ ይስተካከላል፣ አይደል?»

ጋሽ ገብረእግዚአብሔር መጀመሪያ እናቴን፣ ቀጥሎ አባቴን አዩ። ሁለቱም ብርቱካኑን ነበር የሚያዩት።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቴ አደን የእኔም ሥራ ሆነ። ሁለት ቅዳሜ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ አንዴ ነፋሱ ዞሮበት፣ አንዴ ደግሞ አጋዘኗ ቆማ አሽትታው ሄደች አለ። ምን እንደሸተታት አውቄያለሁ። ችግሩ ከቤት ነበር። እሑድ ጠዋት፣ እናቴ ሥራ ሄዳ አባቴ ሶፋው ላይ እንደተኛ፣ ወንበር ላይ ቆሜ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። በትልቅ የጠርሙስ ማሰሮ ያለውን በርበሬ፣ ከአዲስ አበባ የመጣውን ቅቤ፣ ኮረሪማውን፣ የእናቴን ሁለት ሽቶ አወጣሁ። ከበራችን ውጭ ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳው ውስጥ ቆሻሻ የሚወረወርበት ቱቦ አለ፤ ከአሥራ አንደኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ይወርዳል። ሁሉንም ለቀቅኩት። በርበሬው መጨረሻ ነበር። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አንዴ ተጋጨ፣ ስድስተኛ ላይ አንዴ፣ ከዚያ ሩቅ ታች «ቦም» አለ።

በርበሬው አምስት ኪሎ ነበር። እሺ፣ ሁለት። ግን ቱቦው ጭስ ማውጫ ሆነ፤ ቀዩ ብናኝ በየፎቁ በሮች ስንጥቅ እየወጣ ሕንፃው ማስነጠስ ጀመረ። አራተኛ ፎቅ ያለ ውሻ ለሦስት ቀን አስነጠሰ። የሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ሱፐሩ፣ ዓይኑ እንደ ቲማቲም ቀልቶ የማሰሮውን ክዳን ይዞ ከበራችን ቆመ። ክዳኑ ላይ በፕላስተር «ጸሐይወርቅ» ተብሎ በእናቴ እጅ ተጽፏል። ሱፐሩ ፊደሉን ማንበብ ባይችልም በዚያ ሕንፃ ውስጥ እንዲያ የሚጽፍ ሌላ ቤት አልነበረም።

እናቴ ከሥራ ስትመለስ ሦስታችንም ኩሽና ቆምን።

«ለምን?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ደክሟት ነበር።

«ሽታሽን አጠፋሁት» አልኳት። «አሁን አባዬ አልጋው ላይ መተኛት ይችላል።»

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች።

«ሽታዬን ነው የነገርካት?» አለችው።

«ምን ልበላት ታዲያ?» አለ አባቴ። «አንቺ አይደለሽ አትንገራት ያልሽው።»

«ሌላ ምክንያት አጥተህ ነው ዘርይሁን? እኔን ነው ለልጄ የምትሸት ያደረግከኝ?»

ከዚያ የሆነውን እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም፤ አባቴ ከንፈሩን ነከሰ፣ እናቴ ክዳኑን አየች፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ። እናቴ የሳቀችው ዓይኗን በክንዷ ሸፍና ነበር፣ ሳቋም ከሚገባው በላይ ቆየ። ያን ዕለት አባቴ ወደ መኝታ ቤት ገባ። በደስታ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት ስነሣ አባቴ አልጋው ላይ፣ እናቴ ሶፋው ላይ ነበሩ። እሷም ማደን ጀመረች ማለት ነው ብዬ ለሆሣዕና ነገርኳት።

የቅበላ ሳምንት ቅዳሜ አባቴ «ዛሬ አብረን እንሄዳለን» አለኝ። እናቴ ሁለት ሹራብ አለበሰችኝና ዚፔን እስከ አገጬ ዘጋች። ከእኔ ይልቅ አባቴን ነበር የምታየው። «በደንብ ያዛት» አለችው።

መኪናውን ድልድዩ ጋ አቆምን። አባቴ ጠርሙሱን ጨመቅ አደረገ፤ የጤፉ ብናኝ ከጥዱ አቅጣጫ ወደ ፊታችን መጣና አልፎን ወደ አስፋልቱ ሄደ። ራሱን ነቀነቀ። ወደ ወንዙ ወረድን። ውሃው እስከ ቦቲዬ ግማሽ ይደርሳል፤ ቅዝቃዜው በጎማው ውስጥ ያልፋል። ውሃው ሲንሿሿ እንራመዳለን፣ ጸጥ የሚል ቦታ ስንደርስ እንቆማለን፣ እንደገና ሲንሿሿ እንራመዳለን። አባቴ ሁለት ጊዜ ዞሮ ለመናገር አፉን ከፈተ፤ ሁለቴም «ድንጋዩ ያንሸራትታል» ብቻ አለኝ። አርባ አምስቱ ደቂቃ ሲያልቅ ዳርቻውን በእጃችን እየቧጠጥን ወጣን። የተጠረገችው መንገድ እዚያ ነበረች፣ ባዶ አፈር፣ አንድ ቅጠል የሌለባት።

ማማው ብረት ነው። መሰላል፣ ለሁለት ሰው የሚሆን መቀመጫ፣ በቃ። አባቴ ቀበቶ አስታጥቆ ከግንዱ ጋር አሰረኝ። ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይም አየሁ።

«ሬዲዮውስ?» አልኩት በሹክሹክታ። «ማንቆርቆሪያውስ?»

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ፀሐይ ከጥዱ በላይ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት አጋዘኗ መጣች። በኮሪደሯ ነበር የመጣችው፣ አባቴ በእርሳስ ባሳየኝ ክር ላይ፣ የገዛ ቤቷ ውስጥ እንደምትሄድ ሆና። ጆሮዋ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ። ከማማው ሥር በሃያ እርምጃ ቆመች። አባቴ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ሳበ። ልቤ የሚመታው ጥርሴ ውስጥ ነበር። ቅበላ ማክሰኞ ነው። አሁን ከሆነ ሁሉም ነገር ይስተካከላል።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለ፣ ከእስትንፋስ ባነሰ ድምፅ፣ ለቀቀም። «ጥም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አጋዘኗ ዘለለች፣ ነጭ ጭራዋን እንደ መሐረብ ከፍ አድርጋ ወደ ጥዱ ገባች።

አባቴ ተቀመጠ። ቀስቱን ሰቀለ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«መታኋት» አለኝ።

«እንውረድ።»

«አይሆንም። ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አለብን። ዝም ካልናት ቅርብ ቦታ ትተኛለች። ከተረበሸች ግን ትሄዳለች፣ አናገኛትም። ዝም ብለሽ ተቀመጪ። እሺ?»

«እሺ።»

እኔ በሆዴ መቁጠር ጀመርኩ። ነፋሱ ከጥዱ ይመጣ ነበር።

«ቤዚ» አለ ወደ ጥዱ እያየ። «ዕቃዎቹ እዚህ አይደሉም።»

«የት ናቸው?»

«ዳንፎርዝ፣ ከተማው ማዶ። አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ቤዝመንት ነው፣ ግን መስኮት አለው።»

«እዚያ አጋዘን አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ እዚያ ምን ታደርጋለህ?»

«እኖራለሁ። አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጫለሽ። እኔና እማዬ አልተጣላንም። አንቺን ማንም…»

«ከቅበላ በፊት መታሃት እኮ» አልኩት።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፣ በዚያ ፊት ላይ ሁሉንም አየሁ። ጮህኩ። ቃል አልነበረውም። በቦቲዬ መሰላሉን ደበደብኩት፤ ብረቱ እንደ ደወል እያስተጋባ ወፎቹ ከዛፉ ሁሉ ተነሡ። አባቴ አፌን ሊይዝ እጁን ዘረጋና መልሶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ከጥዱ ውስጥ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ፣ ራቀ፣ ጠፋ።

ያኔ ዝም አልኩ። ምን እንዳደረግኩ ገብቶኝ ነበር።

ወርደን ፈለግናት። አባቴ ቀድሞኝ ሄዶ ፍላጻውን ከሣሩ አነሣና ቶሎ መያዣው ውስጥ ከተተው። እስኪደነግዝ ጥዱ ውስጥ ቅጠል እየገለበጥኩ ዞርኩ፤ አንዲት ጠብታ ደም አላገኘሁም። «በቃ ልጄ» ይለኛል። እኔ አልሰማውም። ወደ መኪናው ስንመለስ በታጨደው በቆሎ መካከል ነበር የሄድነው፤ አገዳው ከእግራችን ሥር እየተሰበረ፣ ማንንም ሳንፈራ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ውዬ ስመለስ ሶፋው ሶፋ ብቻ ነበር። በረንዳው ላይ ሣጥኑ የለም። ሰዓቱን አስበውበታል፤ እኔ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ሳለሁ ነው የወጣው። መንገዱን የመረጠችው ግን እናቴ ነበረች፣ ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፦ «እሱ አስቀምጠን እንንገራት ይል ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ፊትሽን ማየት ፈርቼ።» ውሳኔውም የግንቦት ነው፤ ክፍሉን የተከራየው በነሐሴ ነው። አጋዘን በመካከሉ የለችበትም።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሰው ግን የሚያውቀውና የሚያምነው ለየቅል ነው። ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ አጋዘኗ ትገኝ ነበር፣ ማክሰኞ ሦስታችን እንቀበል ነበር፣ ጋሽ ገብረእግዚአብሔርም «ተስተካከለ» ይሉ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ያቺ አጋዘን ሆዴ ውስጥ ስትደማ ኖራለች። አሥራ አንደኛ ክፍልን ሳልጨርስ ስተው፣ ለመምህሮቼ በየሳምንቱ አዲስ የሞተ ዘመድ ስፈጥር፣ ሰው ዝም ሲል መታገሥ አቅቶኝ ቀልድ ሳወራ፣ እሷ እዚያው ነበረች። አሁን የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። ከኋላዬ አርባ ልጆች ይጮኻሉ፣ ሌሎች ሹፌሮች ራስ ምታት ይዘው ይወርዳሉ፤ እኔን ደስ ይለኛል።

አምና የቅበላ ዕለት ከአባቴ ጋር ዳንፎርዝ አንድ ምግብ ቤት ገባን። አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ቀስቱን ሸጦታል። ጥብሱ መጥቶ ግማሽ ያህል እንደበላን፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አመለጠኝ።

«አባዬ፣ ያቺን አጋዘን እኔ ነኝ ያባረርኳት። ይቅርታ።»

«የቷን?»

«የመታሃትን። ማማው ላይ።»

ማኘኩን አቆመ። እያስታወሰ መሰለኝ፤ በኋላ ግን የረሳው እንዳልነበር ከዓይኑ አየሁ።

«አልመታኋትም እኮ» አለ።

«ምን?»

«ከሆዷ ሥር አለፈ፣ አፈሩ ላይ ተተከለ። ጭራዋን ከፍ አድርጋ አልነበር የሮጠችው? የተመታ አጋዘን ጭራውን አያነሣም። እጄ ከጠዋት ጀምሮ ሲንቀጠቀጥ ነው የዋለው።»

«መታኋት አልከኝ እኮ። ደም ስፈልግ እያየኸኝ።»

«አዎ።» ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገው። «ከግንቦት ጀምሮ ለአንቺ የምነግርበትን መንገድ ስፈልግ ነበር። ቤት ውስጥ እናትሽ አለች። መኪና ውስጥ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እየነዳሁ ነው። ወንዙ ውስጥ ሁለቴ ሞክሬ አቃተኝ። ፍላጻው ሲስት ምን እንደታየኝ ታውቂያለሽ? መታኋት ብላት ግማሽ ሰዓት ዝም ብላ ትሰማኛለች። ሌላ የምፈልገው አልነበረም። ግማሽ ሰዓት።»

አየሁት። ከእሱ የወረስኩት ጆሮውን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ስንቱን አገኘህ?» አልኩት።

«አራት ደቂቃ ቢሆን ነው።»

ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ፣ ወይም መቆጣት። ሁለቱንም አላደረግኩም።

«እንግዲያው ሃያ ስድስቱ ይቀረኛል» አልኩት። «ያን ቀን ልትለኝ የነበረውን አሁን በለኝ።»

«አሁን? እዚህ?»

«አሁን። አልጮህም።»

«ብትጮኺም ምንም አይደለም» አለ። እጁን በናፕኪን አንድ በአንድ ጠረገ። ከዚያ ድምፁን ሳይቀንስ፣ አጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች ዞረው እስኪያዩን ድረስ፣ ከመጀመሪያው ጀመረ።